ፊት የሌለበት ፎቶ

ፍቅርተ እኔ ዘንድ ስትመጣ ካሜራ እንጂ ሥራ አልነበራትም። ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሥራ የሚጠይቀኝ ሁሉ አንገቱን ሰብሮ፣ እጁን አጣምሮ ነው የሚመጣው። እሷ ግን ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባችና ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኳቸውን የሙሽራ ፎቶዎች አንድ በአንድ አይታ ስታበቃ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ትንፋሻቸውን የያዙት ለምንድን ነው?» አለችኝ። ተናደድኩ። ቀጠርኳትም።

የእብናት ገበሬ ልጅ ናት። ኩዌት አራት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ ስትመለስ፣ ቤተሰቡ በሬ ሲጠብቅ እሷ ካሜራ ይዛ ከች አለች። አባቷ አቶ ባዩ በመጡ ቁጥር፣ «ይኸ ያንቺ ነገር ያርሳል ወይስ ይታለባል?» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ትስቃለች። የዜና ፎቶ አንሺ ከመሆን በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ጠዋት ጠዋት ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ታነሳልኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ገበያ ለገበያ ትዞራለች። ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ፣ የማዳበሪያ ሰልፍ ላይ ቆመው ያንቀላፉ ሽማግሌ አንስታ ትመጣና ታሳየኛለች። እኔም «ጨልሟል»፣ «ዘሟል» እያልኩ እንከን እፈልግበታለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ቀንቼባት ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንድም አላነሳሁም።

ባሕር ዳር የሚኖር ይሻው የሚባል ሰው በኢንተርኔት የሚነበብ የዜና ገጽ አለው። ፍቅርተ ፎቶ በላከችለት ቁጥር፣ «ቆንጆ ነው፤ ዜና ግን አይደለም» እያለ ይመልስባታል። በኋላ ተለማምጣም ነዝንዛም ቃል አስገባችው፦ አንድ ዜና የሆነ ፎቶ ከላከች የደቡብ ጎንደር ሥራ የእሷ ይሆናል። ያን ቀን እየዘለለች ሻይ የጋበዘችው ሰው ብዛት!

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ወደ አንበሳሜ ገበያ ሄደች። ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና አንድ ኩርባ ላይ ቆመ። ከፊታቸው ገበያተኛ የጫነ የጭነት መኪና ጭቃው አዳልጦት ተገልብጧል። ፍቅርተ መጀመሪያ ካሜራዋን አልነካችም፤ ይህን የምናገረው በኋላ ብዙ ስለተባለ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ጋር ሆና ቁስለኛ ስታሸክም ቆየች። አንዲት ወጣት ሴት ግን እዚያው ሞታ ነበር፤ ማን እንደሆነች የሚያውቅ ጠፋ። ፍቅርተ ዘመዶቿን ለማፈላለግ ብላ ፊቷን አነሳች። ከዚያ የሟቿን ነጠላ ከጭቃው አንስታ ከራስ እስከ እግሯ ሸፈነቻት። የተሸፈነችውን ሴት፣ አጠገቧ ከተበተነው ሽንኩርትና ከአንድ እግር ጫማ ጋር ደግሞ ሌላ ፎቶ አነሳች። ሁለተኛውን ፎቶ ገና መንገድ ላይ ሳለች ለይሻው ላከችው።

ፎቶ ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ቀሚሷ በደም ተነክሯል። የሟቿን ፊት አሳየችኝ። ሠናይት ናት፤ ከፎቶ ቤቴ ሦስት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩት የእትየ ጥሩነሽ አንድ ልጅ። ፍቅርተ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ነበር አንበሳሜ ሄዳ ንግድ የጀመረችው፤ ስለዚህ ፍቅርተ አታውቃትም፤ ፍልሰታን ከእናቷ ጋር ልትፈታ ስትመጣ ነው። ዓይኗ እንደፈጠጠ፣ አፏ ሰው ሊጣራ እንዳለ ተከፍቶ ቀርቷል።

በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ልጇ የሞተባት እናት ወሬውን ከየትም አትሰማም። የሚነግር ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት በዝምታ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በሯ ይንኳኳል። ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ አጠገቧ መኖር አለበት። ስለዚህ ወደ ቄስ አለምነው ሮጥኩ። «ነገ ሲነጋጋ እናረዳታለን፤ እስከዚያው መኪና ተበላሽቶባት አንበሳሜ ታድራለች በሏት» አሉኝ። ስመለስ ፍቅርተን፣ «ለይሻው የላክሽው ነገር አለ?» አልኳት።

«አለ ጋሼ። ግን ፊት የለበትም። ይዩት።»

አየሁት። ጥሩ ፎቶ ነበር።

«ፊት ከሌለበት ምን ችግር አለው» አልኩ። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ዕድሜዬን በሙሉ ሰውን በጉርድ ፎቶ ሳይ ኖሬ፣ ሰው በፊቱ ብቻ የሚታወቅ መስሎኝ።

እትየ ጥሩነሽ ፈታይ ናቸው። ሠናይትን የሸፈነውን ነጠላ ድርና ማግ የፈተሉት በገዛ እንዝርታቸው ነው። ጥለቱን በአረንጓዴው መሐል አንዲት ቀጭን ቢጫ እንድትገባበት ሸማኔው ራስ ላይ ቆመው ያሠሩት እሳቸው ናቸው። አመሻሽ ላይ ወሬው ገና ያልደረሳት ጎረቤታቸው አበበች፣ «እትየ፣ አንበሳሜ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጧል፤ አዩልኝ?» ብላ ይሻው ገጹ ላይ ያወጣውን ፎቶ ከፍታ ስልኳን ሰጠቻቸው። ስልኩን ተቀብለው ጥለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት አሉ። እኔ የሰማሁት ጩኸቱን ነው። ስደርስ ደጃፋቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው አገኘኋቸው። አበበች ሰው ልትጠራ ሮጣ ስለነበር አጠገባቸው ማንም አልነበረም።

አስከሬኑ እሑድ ጠዋት መጣ። ተገንዞ ነበር፤ የተገነዘ ደግሞ አይፈታም። «ፊቷን! ፊቷን ብቻ!» እያሉ እትየ ጥሩነሽ ሳጥኑን ሲቧጥጡ ወንዶቹ ጎትተው አራቋቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ሌላ ሆነ። «መርዶ በስልክ! ምን ዓይነት ዘመን ነው!» «ያቺ የእብናቷ ናት፤ ኩዌት ያስተማራት ይኸን ነው።» ፍቅርተ ለለቀስተኛው ውሃ ልታዞር ብትነሳ አንዷ ጆጉን ከእጇ ቀማቻት። በዚያው ሰዓት ይሻው ደወለ። ፎቶውን ስንት ሺህ ሰው አይቶታል፣ ሥራው ያንቺ ነው፣ ሰኞ ነይ ይላታል። ስልኩን ዘጋችበት።

እኔ ፈርቻለሁ፤ ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ። ፎቶ ቤት አስገባኋትና፣ «የዚያን ቀን ያነሳሽውን በሙሉ አጥፊው! አንድም እንዳይቀር!» ብዬ ጮህኩባት። እያለቀሰች ከካሜራውም ከስልኳም አጠፋችው፤ እኔም ራሷ ላይ ቆሜ አረጋገጥኩ። የሠራሁት ጥሩ ሥራ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ እትየ ጥሩነሽ ራሳቸው መጡ። ጠጉራቸውን ተላጭተዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፍቅርተ ስታያቸው እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ተነሽ» አሏት። «ልወቅስሽ አይደለም የመጣሁ። ፊቷን አንስተሻል ብለው ቄስ አለምነው ነገሩኝ። እነሱ ሸፍነው ቀበሩብኝ። አሳይኝ ልጄ፤ አንዴ ብቻ ልያት።»

ፍቅርተ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አጠፋሁት፣ እማማ» አለች።

አልገባቸውም። ካሜራውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው አገላበጡት።

«እኔ ነኝ ያስጠፋኋት» አልኩ። የሰሙኝም አልመሰለኝ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«እንግዲያስ ንገሪኝ» አሏት በመጨረሻ። «ዓይኗ ተከድኖ ነበር?»

«ተከድኖ ነበር» አለች ፍቅርተ፣ ሳታመነታ። «አፏም ገጠም ብሎ ነበር። የተኛች ነው የምትመስለው፣ እማማ። ምንም አልፈራችም።»

«አንተስ ሞላ? አይተሃታል አሉ።»

«እንደተኛች ነበረች» አልኩ።

እትየ ጥሩነሽ ተነሡ። የፍቅርተን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይኖቿን አንድ በአንድ ሳሟቸው። «ያየሽልኝ ዓይን ይባረክ» አሏት፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ወጡ።

ፍቅርተ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ መረቁኝ እኮ» አለች። ሁለተኛ ስትለው ድምፅዋ ተቆራረጠ። ይሻው ብዙ ጊዜ ደውሎ ተወ። ካሜራውን መሳቢያ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።