አንቺን ሆኜ መጣሁ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ትምህርት ቤት ለወላጆች መልእክት ላከ። ልጆቹ የሚወዱትን የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይ መስለው የሚመጡበት ቀን ደርሷል። ከታች አጭር ማሳሰቢያ አለች፤ የሌላ ሕዝብን መልክ ለመምሰል ፊትን ቀለም መቀባት አይፈቀድም ትላለች። ሆፐርስ ክሮሲንግ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ለልጄ በአማርኛ ነገርኳት። እሷም እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ «ማነው ደግሞ እንዲህ የሚያደርገው?» ብላ ሳቀች። የተረት ነገር መስሏት ነው። እኔ ቢላዋውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

እሷ ከመወለዷ በፊት ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ አካውንቲንግ ለመማር ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። የምኖረው ሴንት አልባንስ፣ እትዬ ወይንሸት ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እትዬ ወይንሸት ጌታን አጥብቀው የሚወዱ፣ በየማለዳው በጸሎታቸው ድምፅ የሚቀሰቅሱኝ ባልቴት ናቸው። ትምህርት በሌለኝ ቀን ፉትስክሬይ ላይ ባቡር ቀይሬ ያራቪል እወርዳለሁ። ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ስልክ አነሳ ነበር። ነፋሱ በአቅራቢያው ካለው የስኳር ፋብሪካ በኩል ሲነፍስ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ይዞ ይመጣል። ዛሬም ስኳር ሲያርብኝ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ቢሮ ነው።

ከጎኔ የምትቀመጠው ሊያን የምትባል እኩያዬ ነበረች። ፀዳለ የሚለውን ስሜን መጥራት ስላቃታት ሴዲ አለችኝ፤ ቢሮው ሁሉ ሴዲ አለኝ። ሽሮዬን አካፍላታለሁ፣ እሷ ደግሞ ደንበኞች በስልክ ሲጮሁብኝ መስመሩን ትቀበለኛለች። እወዳት ነበር። ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች «ክፉ ሰው አትመስልም እኮ» ይሉኛል። ክፉ ናት መች አልኩ?

የዓመቱ መጨረሻ ፓርቲ ሲቃረብ ሁሉም «የዓለም ሕዝቦችን» መስሎ እንዲመጣ ተባለ። ሊያን አንድ ቀን ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ «ያንን በፎቶ ያሳየሽኝን ነጭ ልብስ ልታውሺኝ ትችያለሽ?» አለችኝ። ነጠላዬን ነው። እናቴ ስትሸኘኝ ኤርፖርት ላይ ከራሷ ትከሻ አውርዳ ያለበሰችኝ ነጠላ። ደስታዬ! አገሬን ወዳ ልትለብስልኝ ነው ብዬ፣ ተኩሼና አጥፌ አመጣሁላት። እንዴት እንደሚጣፋ መስታወት ፊት አቁሜ አሳየኋት። ጥለቱን በጣቷ እየነካች «በጣም ያምራል» ስትል ልቤ ሞቀ።

ፓርቲው የተደረገው መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ነው። በእኛ አገር ታህሣሥ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ወር ነው፤ በምድር ደቡብ ባለው በዚህ አገር ግን በጋው ስለሚያይል አስፋልቱ ከጫማ ሥር ይለሰልሳል። የሚጠበሰው ቋሊማ ጢስ ግቢውን ሞልቶታል። እኔ የእትዬ ወይንሸትን ድፎ ዳቦ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ገና ጠረጴዛው ላይ ሳላሳርፈው ከኋላዬ ሳቅ ፈነዳ።

ዞር አልኩ። ሊያን ፊቷን፣ አንገቷን፣ ክንዶቿን ቡናማ ቀለም ተቀብታለች። ከንፈሯን ከዳር እስከ ዳር አስፍታ በቀይ ቀብታዋለች። አናቷ ላይ የተንጨባረረ ጥቁር ዊግ ደፍታለች። ትከሻዋ ላይ የእናቴ ነጠላ አለ።

«ሴዲ!» አለች እጆቿን ዘርግታ፤ «አንቺን ሆኜ መጣሁ!»

ከዚያ መዳፏን እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዳሌዋን እያወዛወዘች፣ የኔን እንግሊዝኛ ማውራት ጀመረች። «ሄሎ፣ ፕሊስ ሆልድ» ትላለች፣ ፊደሎቹን ሁሉ እያጠበቀች። ግቢው በሳቅ ተናጋ። አለቃችን ግሬግ ካሜራውን አውጥቶ፣ «ጎን ለጎን ቁሙ! የትኛዋ እውነተኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተኝ!» አለ። መለየት አቃተው! ወራት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሰላም የሚለኝ ሰው።

በዚያ ግቢ ውስጥ ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁሉም የሚጠብቀው እንድስቅ ነው። አፌ ለመሳቅ ሲሰናዳ ተሰምቶኛል፤ እንግዳ ሰው አፉ እንዲህ ይለምዳል። ዓይኔ ግን ነጠላው ላይ ቀረ።

«ነጠላዬን መልሽልኝ» አልኳት።

«ምን?»

«የእናቴን ልብስ። አሁን።»

የምቀልድ መሰላትና ሳቀች። ጠጋ ብዬ ከትከሻዋ ላይ አነሳሁት። አንገቷን የነካው ዳሩ በቡናማው ቀለም ተለውሷል። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ።

«ቀልድ እኮ ነው፣ ሴዲ! ስለምወድሽ ነው!»

«የምትወጂውን ሰው እንዲህ አድርገሽ ነው የምታሳዪው?» አልኳት። እንባ አልወጣኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ነጠላውን ይዤ ወደ ሻይ ክፍሉ ገባሁና በሳሙና ማሸት ጀመርኩ። ቀለሙ ይባስ ተስፋፋ። ሚን ተከትላኝ ገባች። ሚን ከሂሳብ ክፍል ናት፤ ብዙም የማታወራ፣ በዕድሜ እናቴን የምታህል የቬትናም ሴት። ቧንቧውን ዘጋችና፣ «ሙቅ ውኃ ያስይዘዋል፣ በቀዝቃዛ እጠቢው» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ ዓይኗን ከመታጠቢያው ሳታነሳ፣ «አምና እኔን ሆነው መጥተው ነበር። ዓይናቸውን በፕላስተር ወደ ጎን ስበው። አብሬያቸው ሳቅኩ። ለልጆቼ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም» አለች።

እትዬ ወይንሸት ነጠላውን ሲያዩ ምን ደረሰብሽ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ቀለሙን በጥፍራቸው ሲፍቁ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይቅር በያት፤ ጌታ ያዘዘን ነው። ይቅርታ መጠየቁ ግን የሷ ድርሻ ነው። የሷን ሸክም አንቺ እንዳትሸከሚ» አሉኝ።

እንኳን አሉኝ! ሰኞ ግሬግ ቢሮው ጠራኝ። ሊያን ስታለቅስ ሰንብታለች፤ ፓርቲው ተበላሽቷል፤ ሁሉም ተጨንቋል። «ይቅርታ ብትጠይቂያት ነገሩ ይበርድ ነበር» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ።

«ምን አድርጌ?»

«ሰው ፊት አዋርደሻታል።»

እኔ አዋረድኳት! መልኬን እንደ ጭምብል አጥልቃ፣ አነጋገሬን ለሳቅ ያቀረበችው እሷ፤ ያዋረድኩት እኔ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብዙ ቁጣ ተቆጥቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ደሜ ፈልቶ አያውቅም። «አልጠይቅም» ብዬ ወጣሁ። አላባረሩኝም፤ የሥራ ቀኖቼን ቀነሱ፣ ከአዲሱ ዓመት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ለሥራ መደወል ተዉ። ሊያን አንድም ቃል አላለችኝም።

በጋውን ሥራ ፈልጌ ተንከራተትኩ፤ በኋላ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሥራ አገኘሁና ትምህርቴን ጨረስኩ። በዓመቱ ሚን ደወለችልኝ። «ዘንድሮም መልክ የመምሰል ፓርቲ አስበው ነበር፤ ከሠራተኛው ሁሉ ፊት ተነስቼ እምቢ አልኩ፤ ተሰረዘ» አለችኝና ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዓለም ሁሉ ስለ ጥቁሮች ሕይወት መጻፍ በጀመረበት ሰሞን፣ ሊያን በፌስቡክ አገኘችኝ። ረጅም መልእክት ነው። ብዙ እንዳነበበች፣ ብዙ እንደተለወጠች ትነግረኛለች። «ያኔ ሁላችንም አናውቅም ነበር፤ ዘመኑ እንዲያ ነበር» ትላለች። ይቅርታ የሚል ቃል ፈለግኩበት፤ ደግሜ አነበብኩት፤ አጣሁ። አልመለስኩላትም።

ዛሬ ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ተረት መስሏት መሳቋ ደስ ይለኛል፤ ውሸት አልናገርም። ሰው ተለውጧል። የማይለቀኝ ቁጭት ግን ያቺ «ሁላችንም» የምትለው ቃል ናት። አለማወቅ የአንድ ዘመን ሕዝብ ሁሉ በሽታ እንደነበረ፣ ሁላችንም አብረን እንደዳንን አድርገው ሲያወሩ እሰማለሁ። ማን ነው ሁላችንም? በፀሐይ በተቃጠለው ግቢ ዳቦ ይዛ የቆመችው ልጅ ታውቅ ነበር። ሚን ታውቅ ነበር። እትዬ ወይንሸት እንግሊዝኛ በወጉ ሳይናገሩ ያውቁ ነበር። እኛም የዚያው ዘመን ሰዎች ነበርን፤ የጠየቀን ሰው ግን አልነበረም።