ከአራቱ ቋንቋዎች አንዱ

ባሌ ግማሽ ጎኑን ሲመታ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጥ ነበር። መስኮቱ ፊት የቆመውን ሁሉ በገዛ ቋንቋው ያናግራል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ ለፈረንጆቹም በፈረንሳይኛ። ቤት ውስጥ የምናወራው ግን በአማርኛ ነበር። እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቢዮ አዋሌ ገጠር ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። አማርኛዬን ያቃናልኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን ለምሳ መጥቶ ሊታጠብ ሲል ማንቆርቆሪያው ከእጁ ወደቀ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። ከዚያ ቀኝ እግሩ ከዳው። ጩኸቴን ሰምታ የደረሰችው ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ሶማሌ ጎረቤታችን ናት፤ በቋንቋዋ ኤዶ፣ አክስቴ፣ እላት ነበር። በጋሪ ጭነን፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን፣ ከዚራ ሰፈር ካለው ሆስፒታል አደረስነው።

ፈረንጁ ሐኪም እግሩን በመርፌ ወጋ ወጋ አደረገ፣ ጣቱን ጨብጥ አለው። በሦስተኛው ቀን ረዳቱ ድሬሰር የሐኪሙን ቃል እየተረጎመ ነገረኝ።

«ወጣት ስለሆነ እግሩ ይመለሳል ይላል። እጁ እስካሁን ምንም ካላለ ያሠጋል። ንግግሩን ከአሁኑ መናገር አይቻልም።»

«እንደ ድሮው ይሆናል?»

ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። ያን የሚተረጉምልኝ አላስፈለገኝም።

ቤት ከገባን በኋላ ጠያቂው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «ደሙ ትኩስ ነው፣ በወር ይነሣል» ይላል። ሌላው ደጅ ከወጣ በኋላ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «በልጅነት የመታው አይለቅም» ይላል። ሁሉንም «አሚን» እያልኩ ሸኘሁ። እኔ የማውቀው የወገቤን ሕመም ነበር። አገላብጠዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ በሰሊጥ ዘይት አሸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የቀኝ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ እዘረጋለሁ፤ ስለቃቸው ተመልሰው ይታጠፋሉ። ኩባያውን አንሥቼ «ይህ ምንድን ነው?» እለዋለሁ። ያየኛል፣ ያለቅሳል። እኔም ከቀን ብዛት መጠየቁን ተውኩት።

በሁለተኛው ወር ወንድሜ ከቢዮ አዋሌ መጣ። ባሌ አልጋው ላይ ዓይኑን ጨፍኗል።

«እህቴ፣ ገና ልጅ ነሽ» አለኝ ወንድሜ። «የሱን ወገኖች እናስጠራና እነሱ ይያዙት። ነይ ወደ ቤት።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። «እስቲ ላስብበት» አልኩት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንጫጫው፣ ባሌ ከተመታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ተናገረ።

«ቢዮ» አለ።

ቢዮ በሶማሊኛ ውሃ መሆኑን ድሬዳዋ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ ግን የሰማሁት ያገሬን ስም ነው። ትናንት ሰምቶናል ማለት ነው አልኩ።

«ሂጂ ነው የምትለኝ? ወደ ቢዮ አዋሌ ሂጂ ነው?» ብዬ እግሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

በደህናው እጁ አልጋውን መታ። «ቢዮ! ቢዮ!»

ኤዶ ገባች። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ውሃ ጠማኝ ይላል፣ አንቺ ታለቅሻለሽ!»

ውሃ ሰጠሁት፤ ኩባያውን ጨርሶ ሌላ ደገመ።

ከዚያ በኋላ ከአፉ የመጣው ሁሉ ሶማሊኛ ሆነ፤ ሶማሊኛውን በልጅነቱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ነው የለመደው። አማርኛው የለም፣ የእናቱ ኦሮምኛም የለም። ሐኪሙን ብንጠይቀው «አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» ብቻ አለን። ስለዚህ በገዛ ቤቴ ከባሌ ጋር ለመነጋገር ከኤዶ ቋንቋ መማር ጀመርኩ። «አዙሪኝ»፣ «አመመኝ»፣ «በቃኝ» የሚሉትን። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሣ ውዬ ቃሉ ከአእምሮዬ ይጠፋል። ቶሎ የያዝኩት «ዋን ዳላይ» የሚለውን ነው፤ ደከመኝ ማለት ነው። አንዳንድ ቀን ከዚያ ሌላ አንባባልም ነበር። እሱ ይለኛል፣ እኔም እለዋለሁ።

ዓመት ሳይሞላው በምርኩዝ ቆመ። እግሩን እየጎተተ ገበያ ይደርስ ጀመር። እጁ ግን እንደታጠፈ ቀረ። አማርኛው እየተቆራረጠ መጣ፤ «እንጀራ»፣ «ነገ»፣ «አንቺ»። ፈረንሳይኛው ጠፍቶ ቀረ። ወደ ትኬት መስኮቱ መመለስ አልቻለም። ኤዶ ከሱቋ በራፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ከገጠር የሚመጡትን ሶማሌዎች እያናገረ ጨርቅ ያሳይላት ነበር።

ሰው ሁሉ ለፍቅር ብላ ቀረች ይለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ወቅት ጓዜን ሸክፌ ለመሄድም አቅም አልነበረኝም። ፍቅሩ ቆይቶ፣ ትንሽ ዕረፍት ሳገኝ፣ ተመለሰ።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ባሏ የተመታባት ወጣት ሴት እኔን ጠይቃ ጠያይቃ ቤቴ መጣች።

«እትዬ፣ ይድንልኛል?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። «ስታገላብጪው ማን ያግዝሻል?»

«ማንም።»

«በይ ነገ ጠዋት እመጣለሁ። አንዱን ጎን እኔ እይዝልሻለሁ።»