እናቴ እና የቅንጣቶች ጥናቴ

ሁለት ዓመት የለፋሁበትን የማስተርስ ጥናት እናቴ ዛሬ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ሠራችው።

የወገዳ የቅዳሜ ገበያ እየተበተነ፣ ሰዉ በደጃችን እያለፈ ነበር። "ሁለት ከባድ ኒውክለሶች፣ የአቶም እምብርቶች ማለት ነው፣ ሲጋጩ ብዙ ሺህ ቅንጣት ይበተናል" አልኳት። "ግጭቱን በዓይን አናየውም። የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ እንደወጣ አይተን ውስጥ የሆነውን እናውቃለን።"

"ይኸማ የኔ ሥራ ነው!" አለች።

እውነቷን ነው። እግሯን ካመማት ወዲህ ገበያ አትወጣም፤ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚመለስ እያየች ማን እንደታረቀ፣ ማን ሊጋባ እንደሆነ ትነግረናለች።

"እንዲያው በአጋጣሚ አብረው ቢመጡስ?" አልኳት፣ አማካሪዬ እኔን እንደሚያፋጥጠኝ።

"በአንድ ቅዳሜማ መች እፈርዳለሁ? ቅዳሜና ቅዳሜ አንድ አይደለም። አንተና ያቺ የባዮሎጂ መምህርት ግን አብራችሁ ስትመለሱ ይኸው አራተኛ ቅዳሜያችሁ ነው።"

ፊዚክሱ እዚያ ላይ አበቃ።

እናንተስ እናታችሁ ምን ላይ ደረሰችባችሁ? ንገሩኝ እንጂ፣ ብቻዬን አልፈር።