የከሳች አሠልጣኝ

ስፖርት ማሠራት የጀመርኩት ወፍራም ሆኜ ነው። ጎረቤቴ ከዓረብ አገር ያመጣችውን የቪዲዮ ካሴት ሳሎኗ ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ ፈረንጆቹ የሚሉት ሳይገባኝ እጅና እግራቸውን ብቻ እየሸመደድኩ ተማርኩ። ከዚያ የኮተቤ መንገድ ዳር ያለው የቀበሌያችን አዳራሽ ጠዋት ጠዋት ባዶ መሆኑን አየሁና ለምኜ አስፈቀድኩ። በሳምንት ሦስት ቀን አሥራ ስምንት ሴቶች ይመጡልኝ ነበር።

በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ ሴትዮ ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። የመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«አንቺን ያላከሳ ስፖርት እኔን ሊያከሳኝ ነው?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ደመቀ። «እትዬ፣ እኔ እኮ የዚህ እጥፍ ነበርኩ፤ ይሄ ተቀንሶ ነው!» አልኳቸው። ውሸቴን ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዱኝ። ቀጭን አሠልጣኝ ብትሆን ኖሮ ያፍሯት ነበር። እኔ ፊት ግን ነጠላቸውን አውልቀው፣ ቦርጫቸውን ሳይደብቁ ይዘሉ ነበር። ሰው የአሠልጣኙን ሰውነት አያይም የሚል ካለ እሱ ሴቶችን አሠልጥኖ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት መክሳት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። የቱታዬን ላስቲክ ቋጠርኩት፤ ከወር በኋላ እንደገና ቋጠርኩት። ልቤ ደረጃ እንደወጣ ሰው ቁጭ ባልኩበት ይመታል፣ ያልበኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። እበላለሁ፤ የበላሁት የት እንደሚገባ ግን አላውቅም። ተማሪዎቼ «ይኸው ስፖርቱ ሠራ!» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ማንም ምንም አላለኝም። ያኔ ነው የፈራሁት።

የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። እኛ ሰፈር ስትወፍሪ «አማረብሽ» ትባያለሽ፤ ስትከሺ ግን ሰው ዝም ይላል። ያ በሽታ ስሙ አይጠራም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶቹን ይዤ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ሰው ደግፏቸው ወደ ጸበሉ የሚሄዱ ሰዎችን ባሕር ዛፉ ሥር እናልፋቸዋለን። ሁላችንም መሬት መሬት እያየን ነበር የምናልፈው። አሁን እኔ ራሴ የማልታይ እየሆንኩ መጣሁ።

ባለቤቴ ደግሞ የረጅም መንገድ አውቶብስ ሹፌር ነው። የሰሜኑን መንገድ ነው የሚነዳው። አንድ ቀንም ክፉ ጠርጥሬው አላውቅም ነበር። መክሳት ስጀምር ግን የሚያድርባቸውን ከተሞች በልቤ እየዞርኩ ማደር ጀመርኩ። እሱ ሲመጣ «ምን ሆነሻል? ጉንጭሽ የት ሄደ?» ይለኛል፤ እኔ «ስፖርት ነው» እላለሁ። ሁለታችንም ከዚያ በላይ መጠየቅ ፈራን።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ልማድ ነበረን። በጀርባ ተኝተን ሆድ የሚያጠነክረውን ስንሠራ አንዷ የሌላዋን ቁርጭምጭሚት ትይዛለች። የእኔን ለመያዝ ይሻሙ ነበር፣ አጠገቤ ሆኖ ለመሳቅ። አንድ ጠዋት ምንጣፉ ላይ ተኛሁና «ማን ይይዘኛል?» አልኩ። ጣሪያውን እያየሁ ጠበቅሁ። አንዷ የጫማዋን ክር አሰረች። ሌላዋ አሳላት። በመጨረሻ ከኋላ መስመር አንዲት መምህርት መጣችና ተንበርክካ እግሬን ያዘችኝ። ዝምተኛ ነበረች፤ ከዚያ በፊት ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም። እጇ ይሞቃል። «በይ ቁጠሪ እንጂ» አለችኝ።

ከአሥራ ስምንቱ አሥራ አንድ ቀሩ፤ ከዚያ ስድስት። የእኔ የምለው ነገር ያ አዳራሽ ብቻ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ሰው ተሰልፎ የሚሰማኝ ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ ዳገቱ ላይ ቆመን ስናርፍ እትዬ ክንዴን ያዝ አድርገው ከሌሎቹ ለዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ድረስ ከወጣሽማ ጸበሉን ለምን አትጀምሪም? አይዞሽ፣ እኔ ለማንም አልናገርም።»

«ምኑን ነው የማይናገሩት፣ እትዬ?»

«እሱንማ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ የኔ እናት» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከልባቸው ነበር ያዘኑልኝ። ቀብረውኛል ማለት ነው።

ሰኞ ማንም በማያውቀኝ ሰፈር ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደም ሰጥቼ አግዳሚው ላይ ስጠብቅ፣ ከተጠራሁ በኋላ የትኛውን በር እንደምወጣ፣ ለባለቤቴ በምን ቃል እንደምጀምር፣ አዳራሹን ማን እንደሚረከበው ሁሉ አሰብኩ። ሲጠሩኝ ገባሁ። ነርሷ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ፤ ነፃ ነሽ አለችኝ። አላመንኳትም። ሐኪሙ ነው አንገቴን በጣቶቹ ዳስሶ ያሳመነኝ። የአንገቴ ዕጢ ነው፤ ከልክ በላይ እየሠራ ነው የሚያከሳኝም የሚያንቀጠቅጠኝም። መድኃኒት አለው።

ወረቀቱን አጣጥፌ ቱታዬ ኪስ ከተትኩ። በማግስቱ ስድስቱ ፊት ጮክ ብዬ ላነበው፣ ከዚያም እትዬ ሾላ ሙሉ እንዲያወሩልኝ ነበር ያሰብኩት። ሁሉም ከመድረሳቸው በፊት መምህርቷ መጣች። ደስታዬን መያዝ አቃተኝና ለሷ አስቀድሜ አሳየኋት።

አነበበችው፤ አቀፈችኝ። ከዚያ ግን አልለቀቀችኝም።

«እህቴ፣ ለነሱ አታንብቢላቸው» አለች ጆሮዬ ሥር።

«ለምን? አዳራሹ ሊዘጋብኝ እኮ ነው!»

«አንቺ ካሳየሽ ነገ ሁላችንም አምጡ እንባላለን። የኔ ወረቀት እንዲህ አይልም።»

የምትለው ቶሎ አልገባኝም። ሲገባኝ እትዬና ሌሎቹ በሩ ላይ ነበሩ።

እትዬ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቆሙ። «ትናንት ጤና ጣቢያ ስትገቢ ያየሽ ሰው አለ፤ ተመርምራለች አሉ። ንገሪን እንጂ፣ እኛም ልጆች አሉን!»

እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ጣቴን ነካኝ። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።

«እዚህ የመጣነው ስፖርት ለመሥራት ነው፣ እትዬ። የሚሠራ ይሰለፍ።»

እትዬ አንዷን ሴት ክንዷን ይዘው ወጡ። አራቱ ቀሩ። ቴፑን ከፈትኩና መቁጠር ጀመርኩ። መምህርቷ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። ዓይኔ እንዳያሳብቅባት ፈርቼ፣ እስክንጨርስ ድረስ አንዴም ወደ እሷ አላየሁም።