ሃምሳ አለቃው ባጃጁን ሲያስረክብ

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጅጅጋ

ነፋሱ አቧራውንና የትናንቱን የጫት ገራባ አንድ ላይ እየጠረገ ነው። ባጃጅ ውስጥ ነኝ፤ አጠገቤ የግመል ወተት ነጋዴዋ ሆዳን ሦስት ባዶ ጄሪካን ታቅፋለች። የምንሄደው ቱሊ ጉሌድ ነው። እሷ ወተት ልትጭን፣ እኔ አገር ለማየት፣ ሾፌሩ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ግን ባጃጁን ሊነጠቅ።

ደምሴ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣው በውትድርና ነው። ሲሰናበት፣ ተመድቦ በኖረባት ጅጅጋ ቀረ። የባጃጁን የፍሬን መርገጫ ፈትቶ በእጅ የሚሳብ ማንሻ አስገጠመበት፤ በዚያው ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ቱሊ ጉሌድ የሚኖሩት ባለንብረቱ ሐጂ ሙሴ ግን ያከራዩት በወንድማቸው ልጅ በኩል ነበርና፣ ስለ እግሩ የሰሙት ትናንት ነው። "አምጣና አስረክበኝ" ብለው ደወሉ።

1:15፣ መንገድ ላይ

ጠጠር፣ ቁልቋል፣ እንደገና ጠጠር። ድንገት ግመሎች መንገዱን ሞሉት። ደምሴ ማንሻውን ሳበ፤ ባጃጁ ቀጥ አለ።

"ባሌ ሁለት እግር አለው፤ እንዲህ አያቆምም" አለች ሆዳን።

"ባልሽ አንቺን እያየ ነዋ የሚነዳው።"

ሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ "ሐጂ ፊት እንዳትለማመጥ፣ ዋላል" አለችው፤ ወንድሜ ማለቷ ነው።

"መለማመጥ አላሠለጠኑንም።"

2:30፣ ቱሊ ጉሌድ

ሐጂ ሙሴ መጋዘናቸው በር ላይ ቆመዋል።

"አከብርሃለሁ። ግን የምትጭነው ሰው ነው። ለመጋዘኔ ዘበኛ እፈልጋለሁ፤ ወንበር እሰጥሃለሁ፣ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።"

"ዘብ ጠግቤያለሁ፣ ሐጂ። ርክክብ እንጀምር።"

ወታደር ንብረት የሚመልሰው እንደተረከበው ነው። ደምሴ ከመቀመጫው ሥር የጨርቅ ጥቅል አወጣ፤ ውስጡ ዋናው መርገጫ፣ ዘይት ተቀብቶ።

"የፍሬን መርገጫ፣ አንድ! ክሪክ፣ አንድ! መለወጫ ጎማ፣ አንድ!"

ሁሉንም ሐጂ እግር ሥር ደረደረና ማንሻውን መፍታት ጀመረ። "ይሄ የኔ ነው።"

ሰው ተሰበሰበ። ሆዳን ጄሪካኖቿን አስሞልታ ደረሰች። "ሐጂ፣ ወተቴን እርስዎ ያደርሱልኛል?"

ሐጂ መርገጫውን አንሥተው አገላበጡት። "ያለፈው ሾፌር መስታወቱን እንኳ አልመለሰልኝም" አሉ። "ተው፣ አትፍታው። ንዳ።"

"በቃል አይሆንም። የዓመት ውል እንጻፍ። 'ስለ እግሩ አይጠየቅም' የሚል ይግባበት።"

"ባልፈርምስ?"

"ማንሻዬን ይዤ በእግሬ ጅጅጋ እገባለሁ።"

ወረቀትና እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ጻፍኩ። ሆዳን ምስክር ሆነች። ሐጂ ስለ እግሩ የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ደምሴ መፍቻውን ከእጁ አላወረደም። ፈረሙ።

5:00፣ ጅጅጋ

ወተቱ ሳይበላሽ ገባን። ደምሴ ጄሪካን ለማውረድ ሲወርድ፣ ታክሲ የሚጠብቅ አንድ ሰው አረማመዱን አይቶ አፈጠጠበት።

"አንተ ነህ እንዴ የምትነዳው?"

"እኔ ነኝ" አለ ደምሴ። "ግባ፤ የት ላድርስህ?"