ዋንዛው ሥር የተጀመረው የውሸት ጠብ

ያንን ዋንዛ ሞት ያስፈረድሁበት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው አላሳብብም። ምላሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሐሳቤ የሚቀድም ነው፤ እናቴም "ይቺ ልጅ ስትወለድ መጀመሪያ የወጣው ምላሷ ነው" ትለኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጎንደር ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኜ ገና መቀጠሬ ነበር። ትንሽ ትንሽ ግጥም ስለምጽፍ፣ ድምፄም ከሩቅ ስለሚሰማ፣ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ኃላፊ አደረጉኝ። አደረጉኝ እንጂ ማን ጠየቀኝ! በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ በየቀበሌው የዛፍ በዓል ይከበር ተባለ። ችግኝ ይተከላል፣ ስለ ደን ይዘፈናል፣ ድራማ ይታያል፣ ልጆች የሣሉት የዛፍ ሥዕል ይሰቀላል፣ ከከተማው አስተዳደርም እንግዶች ይመጣሉ። እኔ ደስ አለኝ። ከተጠራንበት ስብሰባ ሁሉ ይኼኛው ቢያንስ ዘፈን ነበረው።

በዝግጅቱ ስብሰባ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር "የጎደለ ነገር አለ?" ሲል አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት! እጄን አወጣሁ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ከፍ ያለ መድረክ ያስፈልገናል። ባለፈው መሬት ላይ ስንጫወት ከኋላ የቆመው ሕዝብ ያየው የፊተኞቹን ማጅራት ብቻ ነው" አልሁ።

ሰው ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ሳቀ። ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ክፋት የለበትም፤ ግን አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። "ሸጋ ሐሳብ ነው። ጣውላ ከየት ይመጣል?" ብሎ አናጢውን አየው። አናጢው በከተማው ጣውላ የሚባል እንደጠፋ ተናገረ። ሊቀመንበሩ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተና "ያ ዋንዛስ?" አለ።

ያ ዋንዛ የእኛ ደጅ ላይ ያለው ዋንዛ ነው።

"እርጥብ ጣውላ እኮ ይጣመማል" አለ አናጢው ቀስ ብሎ።

"ይጣመም! አንድ ቀን ነው የምንቆምበት።"

ወይ ጉድ! ዛፍ ልናከብር ዛፍ ቆርጠን ልንቆምበት! ነገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም። ግን በዚያን ጊዜ በስብሰባ የተወሰነውን "አይሆንም" ለማለት ደፍሮ የሚነሣ ማን ነበር? የእኔም ምላስ በተወለድሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሰረ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? በዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ዛፉ ሰኞ ይቆረጣል ተባለ። ተጨበጨበ፤ እኔም አጨብጭቤ ወጣሁ።

ዋንዛውን የተከሉት እናቴና ጎረቤታችን ናቸው። ጎረቤታችንን "እትዬ" ነበር የምላት። እናቴ ከዳባት፣ እትዬ ከጭልጋ በኩል፣ በአንድ ዓመት ሙሽራ ሆነው ወደዚያ ሰፈር የመጡ ናቸው። ሁለቱም ማንንም አያውቁም ነበር። ውኃ ሊቀዱ ወንዝ ወርደው ሳለ ያገኙትን ችግኝ ነቅለው አመጡና በሁለቱ ደጆች መካከል ተከሉት፤ የዕቃ እጣቢ በየተራ እያፈሰሱ አሳደጉት። ወዳጅነታቸው የተጀመረው በዚያ እጣቢ ነው። እኔ ስደርስ ዛፉ ትልቅ ነበር፤ ፍሬው ሲበስል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አፉ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይውል ነበር።

እትዬ ልጅ አልወጣላትም። ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። እኔን በግማሽ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ እናቴ አርጩሜ ስታነሣ የምወሸቀውም እሷ ጉያ ነው። በአጥራችን ላይ ለዚሁ የተቀደደ ቀዳዳ ነበረን።

የስብሰባውን ወሬ ስነግራት እናቴ የያዘችውን ሰፌድ ጣለች። "ምላስሽን ይቁረጠው! ምነው፣ ምነው ልጄ! ዝም ብትይ ምን ነበረበት?" ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። እናቴ ለትንሽ ትልቁ የምታለቅስ ሴት አልነበረችም። እኔም አፈርሁ።

እትዬ በቀዳዳው ሰምታ መጣች። እሷ አላለቀሰችም። ጥቂት አሰበችና "እንጣላ" አለች።

"ምን?"

"እኔና አንቺ እንጣላ። በዛፉ። የኔ ነው እላለሁ፣ አንቺም የኔ ነው በይ። ሽማግሌ ይቀመጥ። የት ነው የሚቀመጠው? ዋንዛው ሥር! በሽማግሌ አናት ላይ መጥረቢያ የሚያነሣውን ጀግና እስቲ ልየው።"

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ለእርቅ ከተቀመጠ፣ ነገሩ እስኪቋጭ የተጣሉበትን ነገር ማንም አይነካውም። በሬ ከሆነ አይሸጥም፣ መሬት ከሆነ አይታረስም። ሊቀመንበሩም ጓድ ይባል እንጂ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። በዚያ ላይ እትዬ ለሽምግልና የጠራቻቸው የመጀመሪያው ሰው የሊቀመንበሩ የክርስትና አባት ናቸው። እኒህን ሰው ሰፈሩ በሙሉ "አያ" ብቻ ነበር የሚላቸው። እናቴ ይህን ስትሰማ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና "አንቺ ሰይጣን!" ብላ ሳቀች።

ሰኞ ጧት ሊቀመንበሩና አናጢው መጋዝና መጥረቢያ ይዘው ሲመጡ፣ አያና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ዋንዛው ሥር ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተሰይመዋል። እናቴና እትዬ ከፊታቸው ቆመው ይጯጯኻሉ።

"አያ፣ እንዴት አደሩ? ምነው በጧቱ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"እግዜር ይመስገን። ነገር ይዘን ነው፣ ልጄ። እኒህ ሴቶች በዚህ ዛፍ ተጣሉ።"

"ዛፉ እኮ የሕዝብ ነው። ዛሬ ይቆረጣል።"

አያ ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉ። "ቁረጠው ልጄ፣ ማን ከለከለህ? እኛ ነገሩን ሳንቋጭ አንነሣም እንጂ አንተስ ቁረጥ። ብቻ በየት በኩል እንደምትጥለው ንገረን።"

አናጢው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሊቀመንበሩ አያን አየ፣ ዛፉን አየ፣ መጋዙን አየ። "መቼ ይቋጫል?" አለ በመጨረሻ። ለሐሙስ መቀጠሩን ነገሩት።

ሐሙስም አልተቋጨም። እትዬ ምስክር ቆጠረች፤ እናቴም ቆጠረች። ሰፈርተኛው ነገሩ ገብቶት ስለነበር ሥራውን እየተወ ሊያይ ይመጣል፤ እኔ ከማለማምደው ድራማ ይልቅ የእነሱ ተመልካች በዛ። ችሎቱ ሲበተን ሁለቱ በአጥሩ ቀዳዳ ይገናኙና "ዛሬ ስድብሽ አማረልሽ" "አንቺ ግን ትስቂያለሽ፤ ልታስነቂብን ነው" ይባባላሉ። እኔ እንደዚያ ሰሞን የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እሑድ ሦስተኛው ችሎት ዋለ። ነገርን ነገር ያነሣዋል የሚባለው እውነት ነው።

እትዬ ዛፉን በበጋ ያጠጣሁት እኔ ነኝ አለች። "እሷማ እጣቢውን ለበጓ ነበር የምትሰጠው።" እናቴ ይህን አልጠበቀችም፤ እውነትም ሳይሆን አይቀርም መሰለኝ፣ ፊቷ ቀላ። "መች ነው ለበጌ የሰጠሁት?" አለች፤ ድምፅዋ የጨዋታ አልነበረም። እትዬ አላስተዋለችም፤ ሞቅ ብሏታል። "እሱስ ይቅር፣ መጄንስ? ስድስት ዓመት ሙሉ በውሰት ወስዳ አስቀርታብኛለች!" አለች። መጅ እንግዲህ በርበሬ የምንፈጭባት ሞላላ የእጅ ድንጋይ ናት።

"የማን መጅ? ያንቺን መጅ በዓይኔም አላየሁ!"

እትዬ ወደ ተመልካቹ ዞራ "የጎረቤት ሌባ፣ ቢያዩት ይስቅ ባያዩት ይሰርቅ" አለች። ሕዝቡ አወካ። አያ ራሳቸው ጭራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

እናቴ ግን በሽማግሌ ፊት ሌባ ተብላለች። "አንቺ ደግሞ ተከልሁ ትያለሽ!" አለቻት። "ያንቺ እጅ የተከለው መች በቅሎ ያውቃል? ስትቀብሪ አይደል የኖርሽው!"

ሳቁ ቀጥ አለ። እናቴ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ ምን ዋጋ አለው! እትዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሽማግሌዎቹን እጅ ነስታ ገባች። ገና ሳይመሽ የአጥሩ ቀዳዳ በእሾህ ተዘጋ።

በማግሥቱ ሊቀመንበሩ መጣ። "አስቤበታለሁ" አለ። "ጣውላው አይደርስም። ዋንዛው ሥር እንጫወት፤ መድረኩ ራሱ ዛፉ ይሁን።" ሐሳቡ ከእሱ ብቻ የመጣ እስኪመስል አጨበጨብንለት። ዛፉ ተረፈ። ቤታችን ግን ለቅሶ ቤት መሰለ። "ዛፏን አዳንሁ፣ እትዬሽን ገደልሁ" እያለች እናቴ እህል አልቀመስ አለች። ምላስ ከእናት ይወረሳል ለካ!

አያ ሊያስታርቁ ሁለት ጊዜ ሄዱ። እትዬ "የቱን ጠብ ነው የምታስታርቁኝ? የውሸቱን ከሆነ ታርቄያለሁ" ብላ መለሰቻቸው። እኔ በዋናው በር ስሄድባት አስገብታ ፀጉሬን ሠራችኝ፤ ሹሩባውን ግን በጣም አጠበቀችው። "እናትሽን ብቻ አታንሺብኝ" አለች። የዚህ ሁሉ መነሻ የእኔ መድረክ ነበርና ዕንቅልፍ አጣሁ።

በዓሉ ደረሰ። የልጆቹን ሥዕል በዋንዛው ዙሪያ በገመድ ሰቀልነው። ወይራ ሆኖ የሚጫወተውን ተማሪዬን ቅጠል ብናለብሰው አንዲት ፍየል ፈልጋ አገኘችውና ወይራው ገና ሳይዘምር ግማሹ ተበላ። ከዚያ የሰኔ ዝናብ ይንጠባጠብ ጀመር፤ እንግዶቹም ሙሉ ልብሳቸው እንዳይበሰብስ ከሕዝቡ ጋር ዋንዛው ሥር ተጋፉ። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያው "ይህን ዛፍ ለመጠበቅ ቀበሌያችን ያልከፈለው መሥዋዕትነት የለም!" አለ። አያ ሳል ያዛቸው።

ድራማው ተጀመረ። በአንድ ዛፍ የሚጣሉ የሁለት ገበሬዎች ታሪክ ነው፤ ዛፉ እኔ ነኝ። ጠቡ ጠንክሮ ዛፉ ሊናገር አፌን ስከፍት፣ እናቴ ከሕዝቡ መካከል ወጣች። ነጠላዋን አደግድጋለች፤ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች።

በዳይ ይቅርታ ሲለምን እንዲህ ነው፤ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ያጎነብሳል። ተበዳይ ከማረ በእጁ ያወርድለታል፤ ካልማረ እንደተሸከመ ይመለሳል። እንግዶቹ የድራማው ክፍል መስሏቸው አንገታቸውን አሰገጉ። እናቴ ፊት ረድፍ የተቀመጠችው እትዬ ጋ ደርሳ አጎነበሰች።

እትዬ አልተነሣችም። አጠገቧ ያሉት ሴቶች "ኧረ አውርጂላት፣ ማርያምን!" ሲሏት "ይቆይ፣ ትንሽ ይክበዳት" አለች። እኔ አፌን እንደከፈትሁ ቀረሁ። እናቴ ድንጋዩ እንዳይንሸራተት በሁለት እጇ ደግፋ ስትይዘው ከቆምሁበት ይታየኛል።

በኋላ እትዬ ተነሣች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችና ቀጥ አለች። አገላብጣ አየችው።

"መጄ! ኧረ መጄ እኮ ናት! ይቺ ሌባ!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ አንገቷን እንደደፋች "ከጓዳ፣ ከእንስራው ኋላ አገኘኋት። አፈር ስሆን፣ ስለ መጇም ስለ ምላሴም ማሪኝ" አለች።

እትዬ መጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ዋንዛው ቀና ብላ አየች። ቀጥላ ቅጠል ለብሼ አፌን ከፍቼ የቆምሁትን እኔን አየች።

"የተከልሁትስ በቅሏል" አለች፣ እናቴን በአንድ እጇ እያነሣች። "ያው፣ ሁለቱም ቆመዋል።"

ተቃቅፈው ተላቀሱ። እኔም ዛፍ መሆኔን ረስቼ አለቀስሁ። ጭብጨባው አልቆም አለ፤ አንዱ እንግዳ ይህን የመሰለ መጨረሻ የጻፈው ማን እንደሆነ ቢጠይቅ ሊቀመንበሩ በጣቱ እኔን አሳየው። በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ ምላሴን ያዝሁ።

በሳምንቱ እናቴ በርበሬ ልታዘጋጅ ፈለገችና በተከፈተው ቀዳዳ ወደ እትዬ ላከችኝ፤ መጇን እንድታውሳት። እትዬ ከት ብላ ሳቀች። "ለዛሬ ብቻ በያት" ብላ ሰጠችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እኛ ቤት ናት።