ያልተከፈተችው የጃፓን ሣጥን

ባለፈው ቅዳሜ በምኖርበት ከተማ፣ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ በሚባል ሰፈር የአንድ ቤት ዕቃ ለሽያጭ ግቢ ላይ ተዘርግቶ አየሁ። ከመብራቶችና ከሳህኖች መሃል ከክንድ የማትበልጥ ጥቁር ሣጥን ነበረች። ሻጯ፣ “የጃፓን ናት፣ ጥንታዊ” አለችኝ። “አውቃታለሁ” አልኳት። እንዲህ ዓይነቷን ያወቅኩት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለ ነው።

ያን ጊዜ ብራያርክሊፍ ሮድ ላይ በአገሬ ሰው በእትዬ ጸዳለ አፓርታማ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የምተኛው። ቀን የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ለኮሌጁ ጋዜጣ ሁለት ወሬ ስለጻፍኩ እትዬ “ጋዜጠኛው” እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እሳቸው ሚስስ ኮልማን የሚባሉ አሮጊት ቤት እየሄዱ ያስታምሙ ነበር።

በገና ሰሞን ሚስስ ኮልማን ለእትዬ አንዲት ሣጥን ሰጧቸው። ሟች ባላቸው ወታደር ሳሉ ከጃፓን ያመጧት ናት። ሠሪዎቿ ከዛፍ የሚወጣ ሙጫ ደጋግመው ቀብተው ፊት እስክታሳይ አለስልሰዋታል፤ ሁለት በሮቿ ላይ በወርቅ የተሳሉ ሽመላዎች አሉ። እትዬ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ጎንበስ ብለው አመስግነው አመጧት። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው ዳንቴል አለበሷት።

በኤፕሪል፣ የጥድ አበባ ብናኝ የከተማውን መኪና ሁሉ ቢጫ ባደረገበት ሳምንት፣ ሚስስ ኮልማንን ስትሮክ መታቸው፤ አንደበታቸው ተያዘ። ከሌላ ስቴት የመጣው ልጃቸው ዳግላስ ቤቱን ሲያይ ሣጥኗ የለችም። አስታማሚዋ ሰርቃታለች ብሎ እትዬን ወደ ቀጠረው ኤጀንሲ ደወለ። ኤጀንሲው ነገሩ እስከ ዓርብ ካልጠራ እንደሚያሰናብታቸው ነገራቸው። በሌብነት የተባረረች አስታማሚ ደግሞ ሌላ ቤት አይቀጥራትም።

“ይመልሱለትና ይገላገሉ” አልኳቸው።

“ብመልስለትማ ሰረቅኩ ማለቴ አይደል? አንጎልህንም ፓርክ አደረግከው እንዴ፣ ጋዜጠኛው?”

አፈርኩ። ደብተሬን አውጥቼ እንደ ሥራ ጀመርኩት።

“ሲሰጡዎት ያየ ሰው አለ?”

“እግዚአብሔር።”

“ውስጧ ምን አለ?”

“እኔ በምን አውቃለሁ?”

“አራት ወር ሙሉ አልከፈቷትም?”

“ሴትየዋ ‘ክፈቺው፣ ክፈቺው’ ብለውኝ ነበር። ሰጪው ፊት ስጦታ ይከፈታል? ስግብግብ ልባል? በኋላ ደግሞ ባዶ ዕቃ ነው፣ ለጌጥ ይሁን ብዬ ተውኳት።”

እጄን ወደ ዳንቴሉ ሰደድኩና መለስኩት። ብቻችንን ከፍተን ምንም ብናገኝ እናንተ የከተታችሁት ነው ይለናል። እሱ ራሱ ይክፈታት አልኩ።

“የእናትየው ወርቅ ቢገኝባትስ?” አሉ እትዬ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ቢገኝ ጉዳችን ነው” አልኩ።

ዳግላስ ደውለንለት ሐሙስ ከሰዓት መጣ። ረጅም ሰው ነው፤ ጥቁር ጫማው በብናኝ ቢጫ ሆኗል። እትዬ ሌባ ላላቸው ሰውም ቢሆን ምግብ ሳያቀርቡ ወሬ አይጀምሩም። ጾም ስለነበር የምስር ሳምቡሳ ትኩስ ትኩሱን ደረደሩ። “አልራበኝም” አለ። ዳንቴሉን አነሱለት።

“እርስዎ ይክፈቷት። እኛ ከፍተናት አናውቅም” አልኩት።

እንዳላመነኝ ከፊቱ አነበብኩ። በሮቹን ሲከፍት ውስጥ ሦስት መሳቢያዎች ነበሩ። የላይኛውን ሳበ፤ ባዶ ነው። በንዴት ገፍቶ ዘጋው። ያኔ የታችኛው መሳቢያ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። እትዬ አማተቡ። ምክንያቱን በኋላ ላይብረሪ ሄጄ አነበብኩ፤ መሳቢያዎቹ እጅግ ገጥመው ስለሚሠሩ አንዱ ሲገባ የሚገፋው አየር ሌላውን ያስወጣዋል።

መሳቢያው ውስጥ የታሸገ ነጭ ፖስታ ነበር። ላዩ ላይ “ለጸዳለ” ይላል።

“የእናቴ የእጅ ጽሑፍ ነው” አለ ዳግላስ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። “ልክፈተው?”

“የተጻፈው ለእሳቸው ነው፤ እሳቸውን ይጠይቁ።”

ወደ እትዬ ዞሮ ጠየቃቸው። “አንብበው፣ መነጽሬን አልያዝኩም” አሉት። መነጽራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ቆሞ አነበበ፦ “ጸዳለ፣ በየጠዋቱ ጸጉሬን ስላበጠርሽልኝ ይህች ሣጥን ያንቺ ናት። ዳግላስ ከጠየቀሽ ይህን ደብዳቤ አሳዪው። ልጄን አውቀዋለሁ።”

የመጨረሻዋን መስመር ሲጨርስ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

“አሁንስ ራበህ?”

አራት በላ። አምስተኛውን በእጁ እንደያዘ ከእኛው ስልክ ኤጀንሲው ጋ ደውሎ፣ የተሳሳተው እሱ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ተናገረ። ዓርብ ጠዋት እትዬ ጸዳለ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ማበጠሪያ ይዘው ሚስስ ኮልማን ወደተኙበት ሆስፒታል ገቡ። በር ላይ ቆሞ የተቀበላቸው ዳግላስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን የፈጀሁት በጋዜጠኝነት ነው። ብዙ የተከሰሰ ሰው አይቻለሁ፤ “መልሰህ ተገላገል” የሚል ምክር ሲሰጠውም ሰምቻለሁ። መካሪው ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚጠፋው ስም የእሱ ስላልሆነ ብቻ ነው። እኔም ያን ቀን እንደዚያው መካሪ ሆኜ በቀረሁ ነበር፣ እትዬ ባያላግጡብኝ ኖሮ።

እትዬ ጸዳለ ዛሬ ሰማንያውን አልፈው ስኔልቪል ከተማ በገዛ ቤታቸው ይኖራሉ። ባለፈው ልደታቸው ሻርፕ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ እንግዳው ሁሉ እያየ ፊቴ ላይ ወረቀቱን ቦጫጨቁት፤ ሻርፑን አራግፈው ውስጡን ፈለጉ።

“ካርዱ የታለ?” አሉኝ።